«ልቀቁኝ» ያዥ ሲያጣ

ከተማችን ቴአትር ቤት አነሳት ብለው የሚያማርሩ ሰዎች የታክሲ ሰልፍ ይዘው የማያውቁ መሆን አለባቸው። እኔ ባለፈው ማክሰኞ መገናኛ ቆሜ፣ መግቢያ ሳልከፍል፣ መጋረጃ እስኪገለጥ ሳልጠብቅ፣ ሙሉ ትርኢት አይቼ ቤቴ ገባሁ። ተዋናዮቹ ሁለት ናቸው፤ አንድ የታክሲ ረዳትና አንድ ተሳፋሪ። የታሪኩ መነሻ የአምስት ብር መልስ ነው። (ትሮይ የተቃጠለችው በአንዲት ቆንጆ ንግሥት ምክንያት ነበር። እኛ ዘንድ የዝግጅት ወጪው ረከስ ይላል።)

ተዋናዮቹን ሌላ ሰው ያመስግናቸው። የእኔ ውዳሴ ለተመልካቹ ነው፤ በተለይም ስልኩን ከራሱ በላይ አንሥቶ፣ ክንዱ ቢዝልም እንኳ ለማያወርደው ትጉህ ወገኔ።

መጀመሪያ ክቡን አድንቁልኝ። ሮማውያን ኮሎሲየምን ለመገንባት ዓመታት ለፍተዋል፤ በ80 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ቲቶ ሲመርቀው የመቶ ቀን ጨዋታ ደግሶ ሰውና አውሬ አፋጅቶበታል። (ዓመተ ምሕረቶቼ ሁሉ የፈረንጅ ናቸው።) እኛ ያንኑ ክብ ያለ ድንጋይና ያለ ኖራ፣ በትከሻና በክርን ብቻ፣ ሰው ምራቁን ውጦ ሳይጨርስ እናቆመዋለን። አጭሩ ከፊት፣ ረጅሙ ከኋላ፤ ግፊያ የለ፣ ጭቅጭቅ የለ። ለአውቶቡስ ሰልፍ ያቃተን ሥርዓት ለጠብ ሲሆን ከየት እንደሚመጣ እንጃ።

ምሁራንም ተመልካቹን አክብረውታል። አንትሮፖሎጂስቱ ዴቪድ ሪችስ በ1986 ጥቃትን ሦስት ማዕዘን አድርጎ አስቀምጦታል፤ ፈጻሚ፣ ተጠቂና ምስክር። ድርጊቱ ተገቢ ነው ወይስ ነውር የሚለው ክርክር ያለ ምስክሩ ዓይን አይቋጭም። እንግዲህ መገናኛ ላይ የተኮለኮለው ሕዝብ ሥራ ፈትቶ የቆመ የሚመስለው ካለ ይታረም። ማዕዘን ሆኖ ነው የቆመው።

እውነቱን ለመናገር አባቶቻችንም በዚህ ጥበብ የዋዛ አልነበሩም። ፎካሪው «ዘራፍ!» ብሎ ከመሀል ይገባል፤ ጦር ይሰብቃል፣ ይንጎራደዳል፣ የገደለውን ይቆጥራል፣ ያልገደለውንም ይጨምርበታል። አዳራሹ ይናወጣል፤ ጉርሻውን አቋርጦ የሚሸሽ ግን አንድ ሰው የለም። ደሙ በቃል ብቻ እንደሚፈስ ሁሉም ያውቃል። የሰፈር ጠብ ደግሞ ስሙ ራሱ ድርሰት ነው፤ «ያዙኝ ልቀቁኝ»። በዚህ ድርሰት ውስጥ ዋናው ተዋናይ ተደባዳቢው ሳይሆን ያዡ ነው። ተደባዳቢው ጮኾ የሚናገረው «ልቀቁኝ» የሚለውን ብቻ ነው፤ «ያዙኝ» የሚለውን ያዡ ከዓይኑ ያነበዋል። ወገቡን አቅፎ ወደ ኋላ ይጎትተዋል። ተጎታቹም በልኩ ይንፈራገጣል፤ ሊያመልጥ እስኪችል ድረስ ግን አይንፈራገጥም። ሲመሽ ሁለቱም በየፊናቸው «ባይዙኝ ኖሮ» እያሉ ያወጋሉ። ክብር ተጠበቀ፣ ጥርስም አልወለቀ።

ያዥ ቢጠፋ እንኳ ቃል ነበረ። «በሕግ አምላክ!» ከተባለ የተነሣ ዱላ አየር ላይ ይቀራል። በኦሮሞ ባህልም ያገባች ሴት ሲንቄ የሚባለውን በትሯን ይዛ በተፋላሚዎች መካከል ከቆመች ጠቡ እዚያው ይቆማል፤ እሷን አልፎ የሚማታ ነውረኛ ነው። ይህ ሁሉ እንግዲህ ኋላ ቀርነት ነበር። ተመልካቹ ራሱ ትርኢቱን እያቋረጠ ጥበብ እንዴት ያድጋል?

ወደ መገናኛው ልመለስ። ረዳቱ ጃኬቱን ማውለቅ ጀመረ። የአወላለቁ ዝግታ! አንዱን እጅጌ አውጥቶ ግራውን አየ፤ ሌላውን አውጥቶ ቀኙን አየ። ተሳፋሪውም ሰዓቱን ፈትቶ ኪሱ ከተተ፤ ከዚያ አወጣውና ወደ ሌላኛው ኪሱ ከተተው። ሁለቱም እንደ ባህሉ ያዥ እየጠበቁ ነበር። ክቡ ላይ ሠላሳ ሰው ይሆናል፤ ስድሳ እጅ ማለት ነው። ስድሳውም ሥራ ላይ ነው። (የእኔ ሁለቱ ኪሴ ውስጥ ነበሩ፤ ብርድ ነበር።) በመጨረሻ ረዳቱ ጨነቀውና «ልቀቁኝ!» አለ።

ማንም አልያዘውም ነበር።

ሰውየው ዘወር ብሎ የያዘውን ሰው ፈለገ። «ልቀቁኝ እላለሁ!» ሲል ደገመ፤ ድምፁ ውስጥ ልመና ነበረበት። ከኋላ «ግባ እንጂ!» የሚል ማበረታቻ መጣለት። ከዚህ በኋላ ምን ያድርግ? መታ። ተሳፋሪውም ተቸግሮ መለሰለት። መጣላት ያላማራቸው ሁለት ሰዎች በአምስት ብር፣ በሕዝብ ፊት፣ እንደ ግዳጅ ሲደባደቡ አየሁ። የፈሰሰው ደም ግን የቃል አልነበረም።

እዚህ ላይ ከግሪኮች እንበልጣለን። የእነሱ ቴአትር በግድያ የተሞላ ሆኖ ሳለ ግድያውን ማሳየት ይፈሩ ነበር። ኤዲፐስ ዓይኑን የሚያጠፋው ከበር ጀርባ ነው፤ ሜዲያ ልጆቿን የምትገድለው ቤት ውስጥ ነው። ለተመልካቹ የሚደርሰው ጩኸቱ ወይም መልእክተኛ መጥቶ የሚናገረው ነው። ሮማዊው ባለቅኔ ሆራስም ሜዲያ በሕዝብ ፊት ልጆቿን አትረድ ሲል መክሯል። ምስኪኑ መልእክተኛ ስልክ ቢኖረው ኖሮ ያን ሁሉ ግጥም ባልደረደረ።

ፈረንሳዮችም ቢሆኑ ለተመልካች ክብር የላቸውም። በጁን 17 ቀን 1939 ቬርሳይ ከተማ ኦይገን ቫይድማን የተባለው ነፍሰ ገዳይ አንገቱ በጊዮቲን ሲቆረጥ ሕዝቡ ሊያይ ተሰበሰበ፤ በአቅራቢያው ካለ ቤትም ፊልም ተነሣ፤ ፎቶዎቹ ታትመው ወጡ። በሳምንቱ መንግሥት በአደባባይ መግደልን ከለከለ። ልብ በሉ፤ ጊዮቲኑን አልከለከለም፤ እሱ እስከ 1977 ድረስ ከግንብ ጀርባ ሥራውን ሠርቷል። መንግሥትን ያሳፈረው ስለቱ ሳይሆን ተመልካቹ ነው። የእኛ ተመልካች ግን፣ ምስጋና ይግባውና፣ እስካሁን ማንንም አላሳፈረም።

ለትውልድ የሚተርፈውንም አትርሱ። ድሮ «የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳ» ነበር። አሁን የወጋውም የተወጋውም ታርቀው ቢረሱት፣ ሠላሳ ስልክ ያስታውስላቸዋል። የረዳቱ ልጅ አድጎ የአባቱን አፍንጫ ሲደማ ከአምስት አቅጣጫ ማየት ይችላል፤ አንደኛው በዝግታ የተቀናበረ ነው።

እንከን አልነበረም አልልም። ዳር ላይ ቆሎ የሚሸጡ አንዲት አሮጊት ስፌታቸውን መሬት ላይ ጥለው፣ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አስረው፣ ክቡን በክርናቸው ሰንጥቀው ገቡ። «በሕግ አምላክ! ኧረ በማርያም!» እያሉ በሁለቱ መካከል እጃቸውን ዘርግተው ቆሙ። ከፊቴ የነበረው ወጣት ስልኩን ሳያወርድ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ እናት አባቱ እንዳሳደጉት በፍጹም ትሕትና፣ «እማማ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና ትንሽ ፈቀቅ ይበሉልኝ፤ ጋረዱኝ» አላቸው።