ሽንኩርት የማይገዛበት ሰፈር

እናቴ ከአዲስ አበባ ልትጠይቀን በመጣች በሦስተኛው ቀን ሽንኩርት አለቀ። "ልጁን ሱቅ ላከው" አለችኝ። ሱቅ እንደሌለ ነገርኳት። አላመነችኝም። ነጠላዋን አጣፍታ ራሷ ወጣች። ሃያ ደቂቃ ያህል ሄዳ ያየችው ቤትና ሣር፣ ቤትና ሣር ብቻ ነው። የእግረኛ መንገዱም መሃል ላይ አለቀባት። አንዲት ጎረቤት መኪናዋን አቁማ፣ ደህና መሆኗን ጠይቃ፣ ይዛት መጣች። በዚያ መንገድ በእግሩ የሚሄድ ሰው ስታይ የጠፋ መስሏት ነው።

"ሴትዮዋስ ደግ ናት" አለች እማዬ ጫማዋን እያወለቀች። "ግን ሰዉ የት ነው ያለው?"

የምንኖረው ሜሪላንድ ነው። ከዋሽንግተን ዲሲ ወጣ ብሎ፣ እኛ ሐበሾች "ሰበርብ" የምንለው ዓይነት ሰፈር። ስለ ሰበርብ ሲወራ ሁሌ የሚነሳው የቤቱ ስፋትና የጓሮው ሣር ነው። እኔ ግን ዓመታት ኖሬበት የሚታየኝ ሌላ ነው። እዚህ መኖሪያ ከሌላው ነገር ሁሉ ተነጥሏል። ሱቁ፣ ሥራው፣ ሐኪሙ፣ ቤተ ክርስቲያኑ፣ ሁሉም በመኪና ነው።

ይህ ደግሞ እንዲሁ የመጣ አይደለም፤ ሕግ አለው። እ.ኤ.አ. በ1926 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት፣ ክሊቭላንድ አጠገብ ያለችው የዩክሊድ ከተማ መኖሪያን ከንግድና ከፋብሪካ ለይታ መከለል እንደምትችል ፈረደ። "እዚህ መኖሪያ ቤት ብቻ" የሚለው ክልል በመላ አገሪቱ ተስፋፋ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ መንግሥት ለተመላሽ ወታደሮች የቤት ብድር ዋስ ሆነ። በ1947 ኒውዮርክ አጠገብ ሌቪታውን የምትባል ሰበርብ መሠራት ጀመረች፤ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከ17,000 በላይ ቤቶች ተሠሩባት። በ1956 ደግሞ ትልቁ የአውራ ጎዳና ሕግ ወጣ። መኪና ያለው ከከተማ ወጣ። ሁሉም ግን አልተፈቀደለትም። የሌቪታውን የመጀመሪያ ውሎች ነጭ ያልሆነ ሰው እንዳይኖርባቸው የሚከለክል አንቀጽ ነበራቸው። ዛሬ ጥቁሮች ሆነን ቤት የገዛንበትን ሰፈር ሳይ ይህ ከአእምሮዬ አይጠፋም።

"ታዲያ ለምን እዚህ ገዛችሁ?" አለች እማዬ። ለትምህርት ቤቱ ብለን ነው። የመንግሥት ትምህርት ቤት የሚመደብልህ በአድራሻህ ነው። ገንዘቡም በከፊል ከቤት ግብር ይመጣል። ጥሩ ትምህርት ቤት ባለበት ቤቱ ይወደዳል፤ ወላጅ ሁለት ሥራ ሠርቶም ቢሆን ይገዛል። ፀጥታውንም እወደዋለሁ። ከሌሊት ሥራ ገብቼ ስተኛ የሚቀሰቅሰኝ የለም።

የሚጎዳው ልጁ ነው። ልጄ 12 ዓመቱ ነው። ጓደኛው ጋ ለመሄድ እኔን ይጠብቃል። ኳስ ለመጫወት እኔን ይጠብቃል። ከጎረቤቶቻችን የአብዛኞቹን ስም አያውቅም፤ እኔም አላውቅም። ማታ የጋራዡ በር ይከፈታል፣ መኪናው ይገባል፣ በሩ ይዘጋል። በቃ፣ የዕለቱ ጉርብትና ያ ነው።

ባለፈው ክረምት እማዬና እህቴ የሚኖሩበት ጀሞ ኮንዶሚኒየም ሄድን። ጀሞም የከተማ ዳር ናት። የጠዋቱን የታክሲ ሰልፍ አይቻለሁ። ውሃ በፈረቃ ሲመጣ ጄሪካን ይዤ አራተኛ ፎቅ ወጥቻለሁ። ይህን አሳምሬ ማውራት አልፈልግም፤ እህቴን በየቀኑ የሚያደክማት ነገር ነው። ግን ብሎኩ ሥር ሱቅ አለ፣ አትክልት ቤት አለ፣ ፀጉር ቤት አለ። በእጣ ከየሰፈሩ ተሰባስበው የመጡ፣ ፈጽሞ የማይተዋወቁ ሰዎች ዕድር አቋቁመዋል። ለቅሶ ሲሆን ድንኳኑ ከብሎኩ ፊት ይተከላል።

አሁን አዲስ አበባ ዙሪያ የታጠሩ መንደሮች ሲሸጡ አያለሁ። ማስታወቂያው የሚያሞግሰው አጥሩንና ፀጥታውን ነው። ልትገዙ ያሰባችሁ ወገኖቼ፣ ስለ ካሬው ከመጠየቃችሁ በፊት ሽንኩርት ከየት እንደሚገዛ ጠይቁ። ልጃችሁ ብቻውን ሄዶ ሊገዛው ይችል እንደሆነም ጠይቁ።

ጀሞ በገባን በማግስቱ እማዬ ልጄን ሱቅ ላከችው። ከፎቅ ሆኜ አየሁት። ብሩን በጭብጡ ይዞ፣ ግራ ቀኝ እያየ፣ ቀስ እያለ ነው የሚራመደው። ቆየ። ሲመለስ ፌስታሉን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ፣ "መልስ የለኝም፣ ነገ ትወስዳለህ አለችኝ" አለ። ትንሽ አሰበና፣ "ታውቀኛለች እንዴ?" ብሎ ጠየቀኝ።

"የማን ልጅ እንደሆንክ አልጠየቀችህም?" አለች እማዬ።

"ጠይቃኛለች። ያንቺ የልጅ ልጅ ነኝ አልኳት።"

በማግስቱ ስነቃ አልጋው ባዶ ነበር። መልሱን ሊቀበል ወርዷል።