እንግሊዝ ሀገር መንጃ ፈቃድ ለማውጣት ስንት ይዘን እንጀምር?

እንግሊዝ ሀገር ሆኖ መንጃ ፈቃድ ላውጣ የሚል ሀበሻ መጀመሪያ የሚጠይቀው ፈተናው ስንት ነው ብሎ ነው። መልሱ ቀላል ነው፣ ፕሮቪዥናሉን (የተማሪ መንጃ ፈቃዱን) ኦንላይን ካወጣችሁት 34 ፓውንድ፣ ቲዎሪው (የጥያቄና መልሱ ፈተና) 23፣ ፕራክቲካሉ (መንገድ ላይ የመንዳት ፈተናው) በሥራ ቀን 62 (ማታና ቅዳሜ እሁድ 75)፣ በጠቅላላ 119 ፓውንድ። ይሄን ሰምቶ ታዲያ ምን ችግር አለው ብሎ የጀመረ ስንቱ ነው መሀል ላይ ገንዘብ አልቆበት የቀረው! እኔ የምለው አንድ ነገር ነው፣ ለፈተናው የሚከፈለው ትንሹ ወጪ ነው፣ ትልቁን ብር የሚበላው ጀምሮ ማቋረጥ ነው፣ ስለዚ በጀቱ መያዝ ያለበት ከመጀመሪያው ሌሰን በፊት ነው።

እስቲ ሂሳቡን እንሥራው። ፈተናውን የሚሰጠው ዲቪኤስኤ ራሱ እንደሚለው አንድ ጀማሪ በአማካይ 45 ሰዓት ከኢንስትራክተር ጋር፣ በዛ ላይ 22 ሰዓት በግሉ ልምምድ ያስፈልገዋል። ለንደን ውስጥ አንድ ሰዓት ሌሰን ዛሬ 40 ፓውንድ አካባቢ ነው፣ በ45 ስታባዙት 1,800 ፓውንድ። ሀገር ቤት ሲነዳ የኖረ ሰው 45 ሰዓት ላያስፈልገው ይችላል፣ ግን ሶስት አራት ሌሰን ይበቃኛል ብሎ ማሰብም ትልቅ ስህተት ነው። ደሴ መንገድ ላይ ከነጭነቱ አይሱዙ ሲነዳ የከረመ ሰው መኪና መንዳት አይቸግረውም፣ የሚቸግረው መንገዱ በግራ መሆኑ፣ ራውንድ አባውት ላይ የቱን ሌይን ልያዝ የሚለው፣ የፍጥነት ገደቡ በሰዓት 20 ማይል የሆነበት ሰፈር፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ መስታወት ማየት ነው። ፈተናው ወደ 40 ደቂቃ ገደማ ነው፣ ቀላል ቀላል ስህተት እስከ 15 ድረስ ይታለፋል፣ አንድ ከባድ ስህተት ግን ብቻውን ይጥላል፣ መስታወት ሳያዩ ሌይን መቀየር ደግሞ በቀላሉ ከባድ ስህተት ይሆናል። የሀገሩ ሰው ራሱ ከሚፈተነው ከግማሽ በላይ ይወድቃል እኮ፣ ስለዚ መውደቅ የሚያሳፍር ነገር አይደለም፣ ግን በጀት ውስጥ መግባት አለበት።

ማቋረጥ የምለውን ላስረዳ። ሰው አስር ሰዓት ይከፍልና ይማራል፣ ከዛ ሀገር ቤት እናት ታመመች፣ ወይ የቤት ኪራይ ጨመረ፣ ወይ ሺፍት ቀነሰ፣ ሌሰኑ ይቆማል። ከስድስት ወር በኋላ ሲመለስ ኢንስትራክተሩ እንደ አዲስ ያየዋል፣ የመጀመሪያዎቹ ጥቂት ሰዓታት የተረሳውን በማስታወስ ብቻ ያልቃሉ፣ ያ ማለት ከመቶ ፓውንድ በላይ ለሚያውቀው ነገር ድጋሚ ከፈለ ማለት ነው። ሁለተኛ ጊዜ ካቋረጠ ደግሞ ቲዎሪው ይቃጠላል፣ ምክንያቱም የቲዎሪ ውጤት የሚያገለግለው ሁለት ዓመት ብቻ ነው፣ በዛ ጊዜ ውስጥ ፕራክቲካሉን ካላለፋችሁ 23 ፓውንድ ከፍሎ፣ አጥንቶ፣ እንደገና መፈተን ነው። ሁለት ዓመት ብዙ ይመስላል፣ ግን የመንግሥትን ሥራና ወጪ የሚመረምረው ናሽናል ኦዲት ኦፊስ በ2025 መጨረሻ ባወጣው ሪፖርት የፕራክቲካል ቀጠሮ ለማግኘት በአማካይ 22 ሳምንት እንደሚጠበቅ ነው የተናገረው። አምስት ወር መሆኑ ነው፣ አንዴ ወድቃችሁ እንደገና ስትጠብቁ ሌላ አምስት ወር፣ ሁለቱ ዓመት ወዴት እንደሄደ ሳታውቁት ያልቃል።

ለዚህ የሚሆን መላ ደግሞ እጃችን ላይ አለ፣ እቁብ! እዚህ እቁብ ለመኪና ይጣላል፣ ለሠርግ ይጣላል፣ ሀገር ቤት ለሚሠራ ቤት ይጣላል፣ ለመንጃ ፈቃድ ግን ሰው ከወር ደመወዙ ላይ እየቆነጠረ ነው የሚከፍለው። እኔን ብትሰሙኝ እቁቡ ሲደርሳችሁ ጀምሩ፣ በሳምንት ሁለት ሰዓት ሳታቋርጡ ተማሩ። ለኢንስትራክተሩ ግን ብሩን በአንዴ አታስረክቡት፣ አስር አስር ሰዓት ክፈሉት፣ ሰውየው ቢታመም ወይ ባትስማሙ ብራችሁን ማስመለስ ራስ ምታት ነው።

ሌላው፣ በጀታችሁን ለሁለት ፈተና አድርጉት። አንድ ጊዜ መውደቅ 62 ፓውንድ ማጣት ብቻ አይደለም፣ የፈተና ቀን የኢንስትራክተሩን መኪና ስለምትጠቀሙ ብዙዎቹ ቢያንስ የሁለት ሰዓት ሂሳብ ያስከፍላሉ፣ ቀጣዩ ቀጠሮ እስኪደርስ ደግሞ እጃችሁ እንዳይሰንፍ ሌሰን መቀጠል አለባችሁ፣ ተደምሮ በትንሹ ጥቂት መቶ ፓውንድ ይሆናል። ይሄን ብር ከመጀመሪያው ለብቻው አስቀምጡት፣ ካለፋችሁ ለኢንሹራንስ ይሆናችኋል፣ አዲስ ሹፌር ላይ ኢንሹራንስ ምን ያህል እንደሚከብድ የሚያውቅ ያውቀዋል። ደሞ ይሄን ልብ በሉ፣ ከኤፕሪል 2025 ጀምሮ ፈተና መሰረዝ ወይ ቀን መቀየር የሚቻለው ከ10 የሥራ ቀን በፊት ነው፣ ድሮ ሶስት ቀን ነበር። ከዛ ካለፈ ብሩ ተበላ። ስለዚ ፈተናው ሶስት ሳምንት ሲቀረው ኢንስትራክተሩን ፊት ለፊት ጠይቁት፣ ዛሬ ብፈተን አልፋለሁ ወይ በሉት፣ አይ ካለ ቀኑን ግፉት።

ቀጠሮ ስለሚሸጡት ሰዎች ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም፣ በጣም ያናድደኛል። 62 ፓውንድ የሆነውን ቀጠሮ አስቀድመው እየያዙ የሚቸበችቡ አሉ፣ ኦዲት ኦፊሱም እስከ 500 ፓውንድ ድረስ እንደሚሸጥ ጽፏል። ሌሊት ኬር ሆም (የአረጋውያን መንከባከቢያ) ውስጥ ሲሠራ አድሮ ያገኘውን ብር ለእንደዚ አይነት ሰው መስጠት ያሳዝናል፣ የፕሮቪዥናል ቁጥርን ለማያውቁት ሰው መስጠትም ራሱን የቻለ አደጋ ነው። ሰው የሚገዛው ስለቸኮለ ነው፣ የሚቸኩለው ደግሞ ቀጠሮውን ዘግይቶ ስለሚይዝ ነው፣ ቲዎሪውን ባለፋችሁ ቀን ራሳችሁ በመንግሥት ዌብሳይት ገብታችሁ ቀን ብትይዙ አምስቱ ወር የመማሪያ ጊዜ ይሆንላችኋል።

አሁን ብር የሚተርፍበት ላይ ልምጣ። የኢትዮጵያ መንጃ ፈቃድ ያለው ሰው እዚህ ነዋሪ ከሆነ ጀምሮ ለ12 ወር በሱ መንዳት ይፈቀድለታል፣ ወደ እንግሊዝ ላይሰንስ መቀየር ግን አይቻልም፣ መፈተን ግዴታ ነው። ብዙ ሰው ይሄን ዓመት ዝም ብሎ ያሳልፈዋል። ኢንሹራንስ የሚሸፍንበት መኪና ያገኘ ሰው በዛ ዓመት መንገዱን ቢለማመድና ቲዎሪውን ቢጨርስ ስንት ሰዓት ሌሰን ይቀርለት ነበር! 12 ወሩ ካለቀ በኋላ ግን ፈተናውን እስክታልፉ ብቻችሁን መንዳት የለም።

በፕሮቪዥናል የሚማር ሰውም ቢሆን ከ21 ዓመት በላይ የሆነና ሙሉ መንጃ ፈቃድ ካወጣ ሶስት ዓመት የሞላው ወንድም ወይ ጓደኛ ካለው፣ የተማሪ ምልክት የሆነውን ኤል (L) መኪናው ላይ ለጥፎ፣ የተማሪ ኢንሹራንስ ገዝቶ መለማመድ ይችላል፣ 22ቱ ሰዓት የሚገኘው ከዚሁ ነው። ግን ጓደኛችሁን በክፍያ አስተምረኝ እንዳትሉት፣ ሕጋዊ ፈቃድ ለሌለው ሰው ለማስተማር መክፈል ወንጀል ውስጥ ያስገባዋል። በርካሽ አስተምራለሁ የሚል ሲመጣ የመኪናው የፊት መስታወት ላይ አረንጓዴ ባጅ መኖሩን እዩ፣ ሮዝ ከሆነ ገና በሥልጠና ላይ ያለ ኢንስትራክተር ነው።

ማንዋል ወይስ አውቶማቲክ? በአውቶማቲክ ከተፈተናችሁ አውቶማቲክ ብቻ ነው የምትነዱት፣ የሌሰኑም ዋጋ ብዙ ጊዜ ይወደዳል፣ ሀገር ቤት ማንዋል ሲነዳ የኖረ ሰው በማንዋል ቢፈተን ይሻላል ባይ ነኝ።

ለንደን ውስጥ ፒሲኦ (እንደ ኡበር ላለ ሥራ የሚያስፈልገውን የሹፌር ፈቃድ) አውጥቼ ኡበር ልሥራ የምትሉ ደግሞ የበለጠ ልታስቡበት ይገባል፣ ፈቃዱን የሚሰጠው የለንደን ትራንስፖርት መሥሪያ ቤት ቲኤፍኤል ሙሉ መንጃ ፈቃድ ካወጣችሁ ሶስት ዓመት ይሙላችሁ ይላል፣ የኢትዮጵያው ልምድ እዚህ ውስጥ አይቆጠርም። ዘንድሮ ማለፍ ሲቻል በብር እጥረት ለከርሞ የገፋ ሰው የሥራ መጀመሪያውንም አንድ ዓመት ገፋ ማለት ነው።

እና ቤተክርስቲያኖቻችን፣ መስጊዶቻችን፣ የኮሚኒቲ ማኅበራቶቻችን ይሄን ነገር ቢይዙት ደስ ይለኛል። ከኤፕሪል 2014 ጀምሮ ቲዎሪ ፈተና ላይ አስተርጓሚ ማስገባት ቀርቷል፣ ፈተናው በእንግሊዝኛ ነው፣ ከ50 ጥያቄ 43 መመለስ ያስፈልጋል፣ አደጋ መለየት የሚባለው የቪዲዮ ፈተናም ለብቻው አለ። ትምህርቱ የሚገባው ሆኖ ቋንቋው ብቻ የያዘው ሰው በየሰፈሩ አለ። ቅዳሜ ከሰዓት አንድ ክፍልና አንድ ፕሮጀክተር ካለ፣ ያለፈ ልጅ ላላለፈው ሀይዌይ ኮዱን (የመንገድ ሕጉን መጽሐፍ) በአማርኛ እያስረዳ፣ ጥያቄውን በእንግሊዝኛ እያሳየ ማስተማር ይችላል፣ ለዚህ ምንም ገንዘብ አያስፈልግም።