ከባሕር ዳር ወደ የት ዳር?

ሰሞኑን አንድ የነዋሪዎች ስብሰባ ላይ ተቀምጬ ነበር። አጀንዳው የኑሮ ውድነት ነው። አንዲት መምህርት እጇን አውጥታ ስለ ቤት ኪራይ ጠየቀች። ደመወዟ ባለበት ቆሞ ኪራይዋ በዓመት ሁለቴ እንደጨመረ ተናገረች። መድረክ ላይ የነበሩት ኃላፊ ማይኩን ጠጋ አድርገው «መሀል ከተማ መኖር የአቅም ጉዳይ ነው። አቅሙ የማይፈቅድ ወደ ዳር ወጣ ብሎ መከራየት ይችላል» አሉ። ከዚያ ውሃቸውን ተጎነጩና ወደ ሚቀጥለው ጥያቄ አለፉ።

ወደ ዳር! የከተማዋ ስም ማን ሆነና ነው? እኛ እኮ ድሮውንም ዳር ነን። ከባሕር ዳር ደግሞ ወደ የት ዳር ነው የሚወጣው? በአንድ በኩል ጣና ነው። ኃላፊው ታንኳ ያዘጋጁልን እንደሆነ አላውቅም።

አዳራሹ ውስጥ የነበሩ አከራዮች አጨበጨቡ። አንዱ ጋሼ ተነስተው ንግግሩን በምክንያት አጠናከሩ። «ሲሚንቶ ስንት እንደገባ ታውቃላችሁ? ብረት ስንት ነው? ብሩ ከረከሰ ወዲህ የግንባታ ዕቃ አይቀመስም» አሉ። ሰው ሁሉ ራሱን ነቀነቀ። እኔ ግን ሳቄ መጣ። ጋሼን አውቃቸዋለሁ። ከሦስት ዓመት በፊት ቤታቸውን ለመከራየት ሄጄ አይቼዋለሁ። የጭቃ ቤት ነው! ባህር ዛፍ ተማግሮ፣ ጭቃ ተመርጎ፣ ኖራ ተቀብቶ የቆመ። በበሩ በኩል ኖራው ረግፎ ጭዱ ይታያል። ክረምት ሲገባ ግድግዳው እንደ ተነከረ ዳቦ ያብጣል። ታዲያ የሲሚንቶ ዋጋ እዚህ ቤት ውስጥ ምን ሊሠራ ገባ? ይልቅ ጭቃ ስንት እንደገባ ይንገሩን። ጭድም ተወዶ ከሆነ እንስማ። ቤቱ ከተሠራ ሠላሳ ዓመት ሳያልፈው አይቀርም። ብሩ የረከሰው ደግሞ ሐምሌ 2016 ነው። ሠላሳ ዓመት ወደ ኋላ ሄዶ ያለቀ ግድግዳ የሚያስወድድ የምንዛሪ ለውጥ እኔ ሰምቼ አላውቅም።

ወደ ዋናው ነገር ልመለስ። «መሀል ከተማ» የሚባለውን ማን ሠራው?

ይህችን ጥያቄ ማንም አከራይ ሲመልሳት አላየሁም። መሀል ከተማ ጊዮርጊስ አካባቢ ያለች አንዲት ክፍልና ዳር ወጣ ብሎ ዘንዘልማ መንገድ ላይ ያለች አንዲት ክፍል በቆርቆሮ፣ በጭቃ፣ በበር አይለያዩም። እንዲያውም የዘንዘልማዋ አዲስ ናት፣ ወለሏም ሊሾ ነው። የኪራዩ ልዩነት ግን እጥፍ ነው። ልዩነቱ የምን ዋጋ ነው? የቤቱ አይደለም። ከአጥሩ ውጪ ያለው ነገር ዋጋ ነው። የአስፋልቱ ነው። የዘንባባው ጥላ ነው። ከሐይቁ የሚመጣው የማታ ነፋስ ነው። በእግር ሄዶ ቢሮ መግባት፣ በእግር ሄዶ ቅዳሜ ገበያ መድረስ ነው። ከእነዚህ ውስጥ አከራዩ ያዋጡት የትኛውን ነው? ዘንባባውን ተክለውታል? ነፋሱን አስመጥተውታል?

ባሕር ዳር እኮ በአንድ ሰው ግቢ ውስጥ የበቀለች ከተማ አይደለችም። ሰፋፊዎቹ መንገዶቿ በ1950ዎቹ ጀርመኖች የነደፉት ፕላን ውጤት ናቸው። ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው በ1953 ሲቋቋም ገንዘቡ የመጣው ጣሊያን ከከፈለችው የጦር ካሳ ነው። በሌላ አነጋገር፣ አያቶቻችን ደማቸውን ያፈሰሱበት ገንዘብ ነው። ፖሊ የምንለው ፖሊ ቴክኒክ ኢንስቲትዩት በ1955 የተከፈተው በሶቪየቶች እርዳታ ነው። ለነዚህ ሁሉ ሠራተኛው፣ መምህሩ፣ ተማሪው ከየአገሩ መጣ። መጥቶ ምን ላይ አደረ? ተከራየ። ተከራይቶ በላ፣ ጠጣ፣ ልብስ አሰፋ፣ ፀጉሩን ተቆረጠ። ሻይ ቤቱን፣ ጋራዡን፣ ሱቁን ያቆመው የሱ ደመወዝ ነው። መሀል ከተማን መሀል ያደረገው ተከራይ ነው። አሁን ደግሞ ራሱ ያሞቀውን ቤት «ሞቋል፣ ውጣ» ይባላል።

ግንቦት 2016 አዲሱ የዓባይ ድልድይ ተመረቀ። 380 ሜትር ርዝመት ያለው፣ በሕዝብ ገንዘብ የተሠራ ድልድይ ነው። ደስ ብሎን ሄደን ፎቶ ተነሳንበት። ዓባይ ማዶ የሚኖር አንድ ጓደኛዬም ተነሳ። በወሩ አከራዩ ጠሩትና «እንግዲህ ሰፈራችን ተለውጧል» አሉት። ጭማሪ። ግብር የሚከፈለው ከጓደኛዬ ደመወዝ ገና ብሩን ሳያየው ተቆርጦ ነው። ድልድዩ ላይ ድርሻ አለው ማለት ነው። ያንን ድርሻውን ለአከራዩ መልሶ በየወሩ ይከፍላል። የሰው ወርቅ አያደምቅም ሲባል ሰምተን ነበር ያደግነው። እዚህ አገር ግን ያደምቃል፣ ኪራይም ያስጨምራል።

ስለ ጣናም ላንሳ። እምቦጭ የሚባለው አረም ሐይቁን ሲወርረው ጊዜ አውቶቡስ ተሳፍሮ ደንቢያና ፎገራ ድረስ የሄደው፣ ደረቱ ድረስ ውሃ ገብቶ በእጁ የነቀለው ማን ነበር? እኔም ሄጃለሁ። ጎኔ የነበሩት ተማሪዎችና የመንግሥት ሠራተኞች ነበሩ። እጃችን ለሳምንት አሳክኮናል። «ቤት አለህ ወይስ ተከራይ ነህ?» ብሎ የጠየቀን ሰው አልነበረም። አሁን የሐይቁ ነፋስ በር ላይ ቆሞ ሲሸጥ ግን ተከራይነታችን ትዝ ይላል። ደግሞስ ከዳርቻው መገፋትን እኛ የመጀመሪያዎቹ አይደለንም። ደንገል እያጨዱ ታንኳ የሚሠሩትን ወይጦዎች ጠይቁ። ሐይቁ ላይ ከብዙዎቻችን በፊት የነበሩት እነሱ ናቸው። ከተማዋ በሰፋች ቁጥር «ወደዚያ ፈቀቅ በሉ» ሲባሉ ኖረዋል።

ስለዚህ «ገበያው ነው የወሰነው» ሲሉኝ አልዋጥልህ ይለኛል። የትኛው ገበያ? ገበያ ማለት ሻጩ ያመጣውን ዕቃ ይዞ የሚቀመጥበት ነው። ያላመጡትን መሸጥ ሌላ ስም አለው። አልጽፈውም።

እሺ ዳር ወጣሁ እንበል። ባለቤቴ ነርስ ናት። የሌሊት ተራ አላት። ሆስፒታሉ አብሯት ዳር ይወጣል? አይወጣም። ሁለት ሰው፣ በሁለት ባጃጅ ሄዶ በሁለት ባጃጅ መመለስ፣ በቀን ስምንት ሒሳብ ነው። ያውም ከተገኘ። በነዚህ ዓመታት ከመሸ በኋላ ባጃጅ ፍለጋ መቆም ምን እንደሆነ ለባሕር ዳር ሰው አላስረዳም። ኃላፊው ማታ ሐይቁ ዳር ተቀምጠው የቀረሶ ዓሣ ሲያዙ፣ የምታቀርብላቸው ልጅ ስንት ሰዓት ላይ በምን ወደ ቤቷ እንደምትገባ ጠይቀዋት ያውቃሉ? እሷን ዳር አውጥተው ዓሣውን ማን ሊጠብስላቸው ነው?

ሌላ የሚነሳ ክስ አለ። ተከራይ ለሰፈሩ ደንታ የለውም፣ ዛሬ እዚህ ነገ እዚያ ነው ይባላል። ይኼ ይገርመኛል። እኔ በስድስት ዓመት አራት ቤት ቀይሬያለሁ። አንዱንም ወድጄ አልወጣሁም።

የሚያስወጡን እንዴት እንደሆነ ልንገራችሁ። ያለፈው ቤቴ አከራይ እትዬ፣ ነፍሳቸው ደግ ናት፣ በሥራ ቀን ቡና ጠሩኝ። እሑድ ቢሆን ወግ ነው። በሥራ ቀን ከሆነ ግን ልብ በሉ። አቦል ላይ ስለ ጤናዬና ስለ እናቴ ጠየቁኝ። ቶና ላይ የዘይትና የጤፍ ዋጋ ተነሳ። «ወይ ዘመን!» አልን ሁለታችንም። በረካው ሲቀዳ ስኒውን ሳያዩ አቀበሉኝና፣

«ልጄ ከአዲስ አበባ ሊመጣ ነው» አሉ።

«እንኳን ደስ አለዎት እትዬ።»

«ያቺን ክፍል ልፈልጋት ነው። ወይ ደግሞ አንተ 7,000 ካደረግካት እሱን ሌላ ቦታ አሳርፈዋለሁ።»

4,500 ነበር የምከፍለው። ወጣሁ። ልጃቸው እስከ ዛሬ አልመጣም። ክፍሏ ውስጥ ከወረዳ በጸጥታው ምክንያት ሸሽቶ የመጣ አንድ ቤተሰብ በ8,000 ገባባት። አምስት ሰው በአንድ ክፍል ይኖራል። ያቺ ክፍል በአንድ ሳምንት ውስጥ የተጨመረላት ነገር ቢኖር የሌላ ሰው መከራ ብቻ ነው። ደላላው ከሁለታችንም ኮሚሽን ወስዷል። እኔን ያገባኝም እሱ ነበር፣ ያስወጣኝም፣ ሌላ ቤት ያገኘልኝም። አንድ ቤት ውስጥ ከሚቆይ ተከራይ ደላላ ምን ያገኛል?

መፍትሔው ሰማይ ላይ አይደለም። የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ታትሞ ወጥቷል። ውል በጽሑፍ ይሁን ይላል፣ ከ2 ዓመት አይነስ ይላል። ቅድሚያ ክፍያ ከ2 ወር ኪራይ አይብለጥ ይላል። ጭማሪ በዓመት አንድ ጊዜ፣ ያውም ተቆጣጣሪው አካል በሚያወጣው ልክ። ክፍያው በባንክ። አዲስ አበባንና ድሬዳዋን በስም ጠርቶ፣ የክልል ከተሞችን ነገር ለክልሎች ትቶታል። እኔ የምኖርበት ግቢ ግን ወሬው ብቻ ነው የደረሰው። አሁን ያለሁበት ቤት ስገባ የሦስት ወር ቅድሚያ ከፍያለሁ። «የጽሑፍ ውል እንፈራረም?» ስል አከራዬ ተከዙ። «ወረቀት? አላመንከኝም ማለት ነው? አንተ እኮ እንደ ልጄ ነህ» አሉ። አፈርኩና ዝም አልኩ። እንደ ልጅ መሆን ያለ ወረቀት እንደሚያስወጣ ከእትዬ ተምሬ ነበር፣ ረስቼው ነው።

ስብሰባው ላይ ይህን አዋጅ ሳነሳ አንዱ ከኋላ «እንደ ደርግ ልትወርሱን ነው?» ብሎ ጮኸ። ለአንድ አፍታ አዳራሹ ቀዘቀዘ። ሐምሌ 1967 የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 ትርፍ ቤትን የመንግሥት አደረገ። በዚያ የተጎዳ ቤተሰብ ብዙ ነው፣ የቀበሌ ቤቶቹም ጣሪያቸውን የሚያይ ጠፍቶ ሲዘሙ አይተናል። እሺ። ግን የኔ ጥያቄ ደረሰኝ ነው። ውል ነው። ጭማሪ መቼ እንደሚመጣ ማወቅ ነው። ደረሰኝ ስጡኝ ያለን ሰው ወራሽ ነው ብሎ መጮህ ሌባ ሳይነካው «ሌባ!» እንደሚል ሰው ነው። አንዱ ደግሞ «እንዲህ ከሆነ ቤታችንን እንዘጋዋለን» አለ። ይዝጉት! ስንት ወር? የጭቃ ቤት ሰው ካልኖረበት ሁለት ክረምት አይሻገርም። እሳት ጭሶበት፣ ቀዳዳውን ደፍኖ የሚያቆየው ተከራይ ነው።

አንዲት ሰርቪስ ቤት አከራይታ በዚያችው የምትተዳደር ባልቴት አለች። እሷን ማንም አይንካት። ግን እሷን ከፊት አስቀምጠው ከኋላዋ አሥር ክፍል፣ አሥራ አምስት ክፍል ደርድረው ያለ ውል፣ ያለ ደረሰኝ የሚሰበስቡት ይውጡና ይታዩ። ስብሰባው ላይ ያጨበጨበችው ባልቴቷ አልነበረችም። እሷ ጭራሽ አልተጠራችም።

ያቺ መምህርት ከስብሰባው በኋላ በር ላይ አገኘኋት። ጫማዋ አቧራ ለብሷል። «ዳር ወጣሁ እኮ» አለችኝ። «አምና ነው የወጣሁት። እዚያም ጨመሩ። አስፋልት ሊመጣ ነው ተባለ።»

ይህን ስጽፍ የአሁኗ አከራዬ በሩን ቆረቆሩ። መብራት ጠፍቶ ስለነበር ፊታቸው አይታየኝም። «ነገ ከሥራ እንደወጣህ ብቅ በል፣ ቡና አፈላለሁ» አሉኝ።

ነገ ማክሰኞ ነው።