የቁንጫ ማሰሪያ ለኤሊ

ድመቴ ጀርባው ላይ የወጣበት እብጠት በቀዶ ጥገና ከተነሳለት በሦስተኛው ቀን ስፌቱን ላሳይ ክሊኒክ ወሰድኩት። ነርሷ ገና ሳታየው ማመላለሻ ሳጥኑን ከወለሉ አንስታ ከፍ ያለ ቦታ አስቀመጠችው፤ ውሻ አፍንጫውን በፍርግርጉ ሲሰድበት ድመት ምን እንደሚሆን የሚያውቅ ሰው ነው እንዲህ የሚያደርገው። ክዳኑን ከፍታ ፎጣ ጣል አደረገችበትና በፎጣው ሥር እጇን ሰድዳ ቁስሉን ዳሰሰች። ጠዋት ሳጥን ውስጥ ሳስገባው እጄን ሁለት ቦታ የቦጨቀው አውሬ ጸጥ አለላት።

«ጥሩ እየደረቀ ነው። ስፌቱ ከ10 እስከ 14 ቀን ይቆያል፤ እስከዚያ ውሃ እንዳይነካው» አለችኝ።

«ሰሞኑን ውሃ መጠጣት አብዝቷል» አልኳት፣ እንዲሁ ለወሬ ያህል።

ቀና ብላ አየችኝ። «ከመቼ ጀምሮ?»

አፌን ከመክፈቴ ከኋላ ክፍል ድምፅ መጣ፦ «ሻምፑውን ነገርሻቸው?»

የልጅቷ ፊት ተዘጋ። ጠረጴዛው ላይ በፕላስተር የተለጠፈ ወረቀት አለ፤ እሱን እያየች፣ ፊደል እንደሚቆጥር ተማሪ፣ «ዛሬ ከልዩ ሻምፑዎቻችን አንዱን ልጨምርልዎ?» አለችኝ።

ውሃ እንዳይነካው ለተባለ ድመት።

መቼም ይህ ወረቀት ያልተነበበላችሁ የለም፤ ስለዚህ ብሶቱን ትቼ ወደ ምስጋናው ልግባ። የእንስሳት ክሊኒክ ባለቤቶች ሆይ፣ እጃችሁ ይባረክ! ነርስ ለክሊኒክ ገቢ ታምጣ የሚለው ሐሳብ ትክክል ነው፤ ግን እንዲህ ባለ ጥበብ ይተረጎማል ብሎ ማን አሰበ? ማደንዘዣ የወሰደ እንስሳ ትንፋሹን እየቆጠረች፣ ደም እየቀዳች፣ ራጅ እያነሳች የኖረች ባለሙያ አለች። ሻምፑ ሻጭን ወደ ነርስ ለመለወጥ የዓመታት ትምህርት ይጠይቃል። እናንተ ግን ነርስን ወደ ሻምፑ ሻጭ ለመለወጥ አንድ ወረቀትና አንድ ክንድ ፕላስተር በቃችሁ።

በተለይ የሚያስደንቀኝ ወረቀቱ ለማንም የማያዳላ መሆኑ ነው። ባለ ኤሊ መጣ እንበል። ኤሊው መብላት አቁሟል። ወረቀቱ «ለእያንዳንዱ ደንበኛ የቁንጫ መከላከያ የአንገት ማሰሪያ ይቅረብ» ይላል፤ ይቀርባል። ኤሊው ማሰሪያውን አይቶ አንገቱን ያስገባል። ይጠበቃል። ኃላፊው ከቢሮው ወጥቶ አብሮ ይጠብቃል፤ ምክንያቱም የወሩ ዕቅድ ሊሞላ የቀረው አንድ ማሰሪያ ነው። አንገቱ አልወጣም። ችግር የለም፣ ወደሚቀጥለው መስመር ይታለፋል፦ የጥርስ ሳሙና። ባለቤቱ «ኤሊ እኮ ጥርስ የለውም» ይላሉ። ይህ በወረቀቱ ቋንቋ «የደንበኛ ተቃውሞ» ይባላል፤ ለተቃውሞ ደግሞ ጀርባው ላይ የተዘጋጀ መልስ አለ፦ «ለወደፊቱስ አስበውበታል?» ከዚያ ሻምፑው ይመጣል፤ ፀጉር ያለሰልሳል። ከዚያ የፀጉር ማበጠሪያው፣ ሻምፑውን ለገዛ በቅናሽ። ከዚያ የደንበኝነት ካርዱ፦ 10 ሻምፑ ለገዛ 11ኛው በነፃ። ኤሊ ዕድሜው ረጅም ስለሆነ ካርዱ ለልጅ ልጅ ይወረሳል፤ ክሊኒኩም ገና ያልተወለደ ደንበኛ አፈራ ተብሎ በስብሰባ ይጨበጨባል። በመጨረሻ ሰውዬው ኤሊያቸውን በአንድ እጅ፣ ፌስታላቸውን በሌላው ይዘው ይወጣሉ። ኤሊው አሁንም አልበላም። ማደሪያው ቀዝቅዞበት ይሆን ብሎ የጠየቀ አልነበረም፤ ኤሊ ሲበርደው ምግብ ይተዋል። ነርሷ ይህን ልትጠይቅ ነበር። ግን በወረቀቱ ላይ የለም።

ወረቀቱ ባይኖር ነርሷ የምታደርሰውን ጥፋት ደግሞ እዩ። ስለ ቁንጫ ትጠየቅና፣ እንስሳው ላይ የሚታየው ጎልማሳ ቁንጫ ከጠቅላላው 5 ከመቶ ያህሉ ብቻ እንደሆነ፣ የቀረው እንቁላሉም፣ ትል የመሰለው እጩም፣ በድሩ የተጠቀለለው ሙሽሬም ሆኖ ምንጣፍና መኝታ ውስጥ እንደተቀመጠ ታስረዳለች። ሰውየው ቤቱ ገብቶ ምንጣፉን በጥርጣሬ ያያል፣ መኝታውን ያጥባል፣ በማግስቱ ተመልሶ ለቤቱ እንስሳት ሁሉ መድኃኒት ይገዛል። ማንም «ልጨምርልዎ» ሳይለው! ይባስ ብላ፣ ፐርሜትሪን የሚባል ፀረ-ተባይ ያለበትን የውሻ ጠብታ ድመቱ ላይ እንዳያደርግ ታስጠነቅቀዋለች፤ ድመት ይገድላል። በሕይወት የቆየ ድመት ደግሞ፣ ይቅርታ ይደረግልኝና፣ ክሊኒክ መመላለሱን ይቀጥላል።

ስልክም አላት እኮ። ቀዶ ጥገና በተደረገ ማግስት ደውላ «በላ? ሸና? ቁስሉን አይልስም?» ትላለች፤ አራት ደቂቃ። ያን የተደወለለት ሰው ክሊኒኩን ለጎረቤቱ ሳያወራ አያድርም። አንዱ ደግሞ ራሱ ይደውልና «ድመቴ ሆድ ድርቀት ይዞታል፣ አሸዋው ላይ እየተቀመጠ ያምጣል» ይላታል። «ወንድ ነው? ሽንት መውጣቱን አይተዋል?» ትለዋለች። አላየም። «አሁኑኑ ይዘውት ይምጡ።» የሽንት ቧንቧው የተዘጋ ወንድ ድመት በቀናት ውስጥ ይሞታል። አንድ ስልክ አንሺ፣ ሁለት ጥያቄ፣ አንድ የተረፈ ነፍስ፣ አንድ የተከፈለ ሂሳብ። ሻምፑ ግን አልተሸጠም፤ ስለዚህ የወሩ ሠንጠረዥ ላይ ዜሮ ተጽፎባታል።

ቡችላውንም አትርሱት። ክትባቱ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ዕድሜው ይጀመርና እስከ 16 ሳምንት ድረስ ከሁለት እስከ አራት ሳምንት እየቆየ ይመላለሳል። በነዚያ ቀናት ነርሷ ሚዛኑ ላይ አውጥታው ጉርሻ ብታጎርሰው፣ ጆሮውን ብትደባብሰው፣ ከንፈሩን ገልጣ ድዱን ማሳየት ብታለማምደው፣ ያ ውሻ ዕድሜውን ሙሉ ጅራቱን እየቆላ ይገባል። የሚንቀጠቀጥ ውሻ ያለው ሰው ቀጠሮ ያራዝማል፤ ጅራቱን የሚቆላ ውሻ ያለው አያራዝምም። ይህን ለመረዳት አማካሪ መቅጠር አያስፈልግም ነበር። ግን ተቀጥሯል፤ ወረቀቱን የጻፈው እሱ ነው። መጠበቂያው ክፍል ውስጥ የቡና ማሽን ያስገባውም እሱ ነው።

እስከዚህ ድረስ መሳቅ ይቻላል። የሚከተለው ላይ ግን አልችልም።

የማውቃቸው ቤተሰቦች ውሻቸውን ባለፈው ዓመት በማደንዘዣ አሰናበቱት፤ አርጅቶ፣ ታሞ፣ መቆም አቅቶት ነበር። የክሊኒካቸው ነርስ ወለሉ ላይ አብራቸው ተቀምጣ፣ ራሱን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ እስኪያልቅ ድረስ ስሙን እየጠራች ቆየች። ከሁለት ወር በኋላ በስልካቸው መልእክት ገባ፦ «የውድ ውሻዎ ክትባት ደርሷል።» የቤቱ ልጅ እያለቀሰች ለእናቷ አሳየቻት። ደውለው ነገሩ፤ ይቅርታ ተባሉ። በሦስተኛው ወር ሌላ መልእክት፦ መልካም ልደት፣ ከሻምፑ ቅናሽ ጋር። ነርሷ መዝገቡ ላይ «ሞቷል» ብላ እንድታስተካክል ጠይቃ «ኮምፒውተሩ ያንቺ ሥራ አይደለም» ተብላ እንደነበር በኋላ ሰማን። ይህ ነውር ነው። ሽሙጥ የማይሸፍነው ነውር። እንስሳው መሞቱን ከማንም በፊት የምታውቀውን ሰው አስቀምጦ፣ ለሞተ ውሻ ሻምፑ መሸጥ! ነርሷ ከዚያ ለቀቀች። ቤተሰቡም ቡችላ አመጣ። ወዴት ይዘውት እንደሚሄዱ ገምቱ፤ እሷ ወደተቀጠረችበት ነዋ። የድሮው ክሊኒክ ደንበኛ ለምን እንደቀነሰ ለመመርመር ስብሰባ ጠርቷል አሉ። በስብሰባው ላይ ሁለተኛ የቡና ማሽን ሐሳብ ቀርቧል።

ወደ ድመቴ ልመለስ። ሻምፑውን ገዛሁ። አዎ፣ ገዛሁ፤ ከኋላ ክፍል ያለው ጆሮ መልሴን እየጠበቀ፣ ልጅቷም ዓይኗን ወረቀቱ ላይ ተክላ፣ እምቢ ማለት እሷን መቅጣት መሰለኝ። ደረሰኙን አጥፋ ሰጠችኝ። መኪና ውስጥ ገብቼ ስዘረጋው ጀርባው ላይ በእስክሪብቶ፣ በደቃቅ ፊደል እንዲህ ይላል፦

«ሻምፑውን አይክፈቱት። በቀን ስንት ሚሊ ሊትር እንደሚጠጣ ለክተው ለሦስት ቀን ይጻፉ፤ ኩላሊት ወይም ስኳር እንዳይሆን። ሽንቱን ይዘው ይምጡ።»

ለካሁ፣ ጻፍኩ፣ በአራተኛው ቀን ይዤው ሄድኩ። ደሙ ተመረመረ፣ ሽንቱ ተመረመረ፣ ኩላሊቱ ገና በጊዜ ተደረሰበት፤ ለኩላሊት የሚሆን ምግብ ታዘዘለት፣ የሚቀጥለው ቀጠሮም ተያዘለት። ለሁሉም ከፈልኩ፣ ወድጄ። ስወጣ ኃላፊው ሰሌዳው ፊት ቆሞ በቀይ እስክሪብቶ ስሜን ይጽፋል። «በሻምፑ ተመላሽ የሆኑ ደንበኞች» ከሚለው ሥር።