ይሄማ ቦሌም አለ

«ይሄማ ቦሌም አለ።»

እንዲህ ያለችኝ የአክስቴ ልጅ ናት፣ ቅዳሜ ለታ፣ እቤታችን ሶፋ ላይ ተቀምጣ። ከፓሪስ ያመጣሁላትን የፊት ክሬም ቱቦ እንደ ገበያ ሎሚ ጨመቅ ጨመቅ አደረገችው፣ ገለበጠችው፣ ጀርባውን አነበበች (ፈረንሳይኛ አትችልም)፣ ከዚያ እግዜር ይስጥልኝ ከማለቷ በፊት ቦሌም አለ አለች። ከአምስት ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ተሸክሜው የመጣሁትን። ምንም አልመለስኩም። ቡናዬ ላይ ስኳር ደገምኩበት፣ ከዚያ ደግሞ ሠለስኩት።

ነገሩ እንዲህ ነው። መሥሪያ ቤቴ ለስድስት ቀን ሥልጠና ፓሪስ ላከኝ። ይህን ማታ ለባለቤቴ ብቻ ነገርኳት። ጠዋት ቴሌግራሜን ስከፍት አሥራ አራት የግዛልኝ ስክሪንሾት ተደርድሮ ይጠብቀኛል። የሁሉም መግቢያ አንድ ነው፦ «ትንሽ ነገር ናት።»

ከትንንሾቹ አንዷ ግማሽ ሊትር ውሃ ናት። ባዮደርማ ይባላል፣ ሜካፕ ማስለቀቂያ ነው። ውስጡ ሚሴል የሚሏቸው በዓይን የማይታዩ ትንንሽ ኳሶች አሉ፤ ውስጣቸው ቅባት ይወዳል፣ ላያቸው ውሃ ይወዳል፣ ስለዚህ የፊትን ቅባትና ቀለም አቅፈው ይዘውት ይወርዳሉ። የቀረው ውሃ ነው። ሮዝ ክዳን ያለው ለሚቆጣ ቆዳ፣ አረንጓዴው ለወዛም፣ ሰማያዊው ለደረቅ። ይህን ሁሉ ከየት አመጣኸው እንዳትሉኝ። ያዘዘችኝ ጎረቤታችን የአራት ደቂቃ የድምፅ መልእክት ልካልኝ፣ መጨረሻ ላይ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «አረንጓዴውን እንዳታመጣብኝ፣ አደራ» ብላለች። አደራ ጥብቅ ሰማይ ሩቅ ይባል የለ? እሱ የተባለው ለልጅ፣ ለከብት፣ ለርስት ነበር። ለክዳን ቀለም ሲውል ያየሁት እኔ ነኝ።

አያቴ ውሃ ከወንዝ በእንስራ ትቀዳ ነበር። እኔ ከፓሪስ በሻንጣ ቀዳሁ።

ፓሪስ ውስጥ ፋርማሲ አይጠፋም። አረንጓዴ መስቀል መብራቱ በየማዕዘኑ ብልጭ ድርግም ይላል። እዚያ አገር ተራ የራስ ምታት ክኒን እንኳ ሱፐርማርኬት ውስጥ አይሸጥም፤ ከፋርማሲ ብቻ ነው። ፋርማሲስቱ ይከበራል። ሰው ከጫካ እንጉዳይ ለቅሞ ሲመጣ ይሄ ይገድላል ወይስ ይበላል ብሎ የሚያሳየው ለፋርማሲስት ነው፤ በትምህርታቸው ውስጥ እንጉዳይ መለየት አለ። ይህን ስሰማ ደስ አለኝ። የፊት ቅባቱም ክብሩን የተዋሰው ከዚያው ነው፣ ነጭ ጋዋን ከለበሰ ሰው እጅ ሲሸጥ መድኃኒት ይመስላል።

ከሁሉ ስመ ጥሩው ሳን ዠርማን ደ ፕሬ አካባቢ፣ ሩ ዱ ፉር የሚባል መንገድ ላይ ያለው ሲቲፋርማ ነው። ዋጋው ከሌላው ቀነስ ስለሚል የዓለም ቱሪስት እዚያ ይከታተታል። ገባሁ። ሸማቾች ማኅበር ስኳር ገባ የተባለ ቀን አስታወሰኝ። ኮሪያዊቷ፣ ብራዚላዊቷ፣ አሜሪካዊቷ፣ ሁሉም ዓይኗን ስልኳ ላይ ተክላ ከመደርደሪያው ጋር ታመሳክራለች። እኔም ስልኬን አወጣሁ። የአክስቴ ልጅ የክሬሟን ስም «ላ ሮቼ ፖሳይ በል» ብላኝ ነበርና እንደዚያው አልኩ። ሻጯ ልጅ አንገቷን ዘመም አድርጋ «ላ ሮሽ ፖዜ» አለች፣ ልክ የልጅነት መምህሬ «ሀ ግዕዝ» እንዳለው ዓይነት። ደገምኩላት።

እዚያ መሀል ቆሜ ነው ያ የምወደው ተረት ትዝ ያለኝ፦ ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች። ይህን ተረት እስከ ዛሬ አልጨረስኩትም። ዶሮዋ ማን ሲል ነው የሰማችው? ከሷ በፊት የታነቀች ዶሮ መኖር አለባታ! ገመዱንስ ማን አሰረላት? በየትኛው እጇ? ደግሞ ታንቃ የሞተች ዶሮ ጥንብ ናት፣ ለበዓል እንኳ አትሆን፣ አሥራ ሁለቱ ብልት እንዲሁ ባክኖ ቀረ። አባቴን አንድ ቀን ይህን ብጠይቀው «ተረት አይጠየቅም» ብሎ አባረረኝ። እኔ ግን እላለሁ፣ ያቺ ዶሮ ዛሬ ብትኖር ስልክ ይኖራት ነበር። የማታ ሰባት ደረጃ የፊት አጠባበቅ ይኖራት ነበር። የአክስቴ ልጅ እስከ አምናው ድረስ በሳሙና ነበር የምትታጠበው። ፊቷ ምንም አልነበረበትም!

ወደ ውሃው ልመለስ፣ ውሃው ገና አልወጣልኝም። አቬን የሚባል ጣሳ አለ፣ ፊት ላይ ይረጫል። ውስጡ ምን አለ? ከመሬት የፈለቀ ውሃ። ሌላስ? ውሃውን የሚገፋ ናይትሮጅን። አለቀ። የተቆጣ ቆዳ ያበርዳል ይላሉ፣ ያበርዳል፣ ውሃ አይደል። ታሪኩን ስሙልኝማ። በ1736 እ.ኤ.አ. በደቡብ ፈረንሳይ የአንድ ባላባት ፈረስ እከክ ያዘው፣ አቬን ምንጭ ውስጥ ሲንቦራጨቅ ዳነ ብለው ይተርካሉ። ላ ሮሽ ፖዜም የራሱ ምንጭ ያለው ከተማ ነው። የሱን ታሪክ ስትጠይቁ ደግሞ በ14ኛው ክፍለ ዘመን በርትራን ዱ ጌክላን የሚባል የጦር አለቃ ከስፔን ዘመቻ ሲመለስ፣ ችፌ የያዘው ፈረሱ ምንጩ ውስጥ ገብቶ ዳነ ይሏችኋል። ሁለት ምንጭ፣ ሁለት ፈረስ። በሁለት ፈረስ እከክ የሁለት ትልልቅ ብራንድ ስም ቆመ።

እኛስ? እኛ እቴጌ ጣይቱ አሉን! በ1879 ዓ.ም. ከእንጦጦ ብርድ ወርደው ፍልውሃ ታጠቡ፣ ቦታውን ወደዱት፣ እዚህ ቤት ይሠራልኝ አሉ፣ ስሙንም አዲስ አበባ አሉት። ዋና ከተማ የተቆረቆረበት ውሃ እኮ ነው። እነሱ የፈረስ ምስክርነት ይዘው ዓለምን ዞሩ፣ እኛ የንግሥት ምስክርነት ይዘን ፎጣና ሳሙና አንጠልጥለን እንሄዳለን። ከፍልውሃ ሁለት ፌርማታ ላይ የምትኖር ጎረቤቴ ናት እንግዲህ ውሃ ከፓሪስ ያዘዘችኝ። ሳይቸግር ጤፍ ብድር።

አሁን ደግሞ አንድ ነገር ልናገር፣ ትንሽ ንዴት አለበት። ከአሥራ አራቱ ስክሪንሾት አንድም የፀሐይ መከላከያ አልነበረበትም። አንድም! ከዚያ ሁሉ መደርደሪያ ለእኛ በእርግጥ የሚጠቅመን እሱ ነበር። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍ ትላለች፣ ሺህ ሜትር ከፍ ባልን ቁጥር የሚያቃጥለው ጨረር 10 በመቶ ገደማ ይጨምራል። አየሩ ስለሚበርድ አይታወቀንም እንጂ ፀሐዩ ቅርባችን ነው። ማድያት ያለባት ሴት ደግሞ የፈለገችውን ክሬም ብትቀባ፣ ቀን ቀን ፀሐዩን ካልከለከለች መልሶ ይጠቁርባታል። ይህን ስናገር «እኛ ጥቁሮች ነን፣ ፀሐይ ምን ያደርገናል» ይሉኛል። እሺ። ካላስፈለገን፣ ሁለት ሰዎች «የሚያጠራ» ያዘዙኝ ለምንድን ነው?

የሚያጠራ! ቃሉን ተመልከቱት። እንደ ጠላ፣ እንደ ውሃ። ከውጭ የመጣን ሰው «ጠራህሳ!» ብለን የምንቀበል ሰዎች ነን፣ እኔንም ብለውኛል፣ በስድስት ቀን። ፋርማሲስቷን ምን ብዬ ልጠይቃት ነው? እህቴ ከመልኳ ጋር ተጣልታለች ልበላት? ብዙው ማቅያ ውስጥ የሚገባው ሃይድሮኪኖን አውሮፓ ውስጥ ከቆዳ ማቅያ ኮስሞቲክስ ተከልክሏል፣ የሐኪም ጉዳይ ነው። እኛ ጋ ደግሞ ስሙ የማይነበብ ክሬም ተገዝቶ ወራት ይቀባል፣ ቆዳው ይሳሳል፣ ደም ሥሩ ይታያል፣ ከዚያ ሐኪም ቤት ሰልፍ። አላመጣሁም። ሁለቱም አኩርፈውኛል። ያኩርፉ።

ስለ ማኩረፍ ከተነሳ እኔም የቆየ አለኝ። የዛሬ አሥር ዓመት የባለቤቴ ወንድም ዱባይ ሲሄድ በሕይወቴ የመጀመሪያዬን ትእዛዝ አዘዝኩት፤ ለጺም መላጫዬ የሚሆን ቻርጀር። ከእጅ መዳፍ ያነሰች። ሲመለስ «ሻንጣ ሞላብኝ ወንድሜ» ብሎ አንድ ኪሎ ቴምር ሰጠኝ። ቴምር ቦታ አይዝም ማለት ነው? እስካሁን ማታ ማታ አስባታለሁ። በዚህ ጉዞ እሱ ምን እንዳዘዘ ታውቃላችሁ? ኑክስ የሚባል የገላ ዘይት፣ ለሚስቱ፣ ወርቅማ ብልጭታ ያለበትን፣ ሁለት ጠርሙስ። የመስታወት ጠርሙስ ነው፣ በሁለት ካልሲ ጠቅልዬ አመጣሁ። ሳስረክብ አንድ ፍሬ ቴምር ከላዩ ላስቀምጥ አስቤ ነበር፤ ባለቤቴ በዓይኗ ቀጣችኝ።

ኤርፖርት ላይ ሻንጣው 23 ኪሎ አልፎ ሁለት ጃኬት ደርቤ፣ በሰኔ፣ እንደ ሽንኩርት ሆኜ ነው የተሳፈርኩት። ከዚያ በፊት የዴታክሱ ሰልፍ ነበር። ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ የሚኖር ሰው ከአንድ ሱቅ ከ100 ዩሮ በላይ ከገዛ፣ ፓስፖርቱን አሳይቶ ወረቀቱን ይቀበላል፣ ኤርፖርት ፓብሎ የሚባል ማሽን ላይ ያስነብባል፣ ታክሱ ይመለስለታል። ታክሱ 20 በመቶ ቢሆንም መሀል ያለው ድርጅት ድርሻውን ቆርጦ ነው የሚሰጠው። ይህን ሰልፍ የቆምኩት እኔ። ላቤን ያፈሰስኩት እኔ። ቅዳሜ ለታ፣ ቦሌም አለ ካለች በኋላ፣ የአክስቴ ልጅ ምን አለች? «ታክሱን መልሰውልሃል አይደል? ከኔ ላይ ቀንስልኝ።»

ቀነስኩላት። የቀረውንም እስካሁን አልከፈለችም። ቦሌም ካለ እዚያው አትገዥም ነበር? ልላት ነበር፣ አክስቴ ደወለችና ተውኩት።

አንድ ጣሳ አቬን ግን ተርፎ ቀርቷል። ትልቁ፣ 300 ሚሊ ሊትሩ። ማን እንዳዘዘው ጠፋኝ፣ ቴሌግራም ላይ ብጠይቅም የኔ ነው የሚል አልተገኘም፣ የኔ ነው ያለ ይከፍላላ። ሁለት ሳምንት ቁም ሳጥን ላይ ተቀመጠ። አሁን ሸሚዝ ስተኩስ እረጭበታለሁ። ጭጋጉ ስስ ነው፣ እኩል ይዳረሳል፣ ኮሌታው ላይ በተለይ ሌላ ነው።