ቤት ቆልፋችሁ አገር አትሠሩም

ባለፈው መስከረም አዲስ አበባ ነበርኩ። እዚህ ቨርጂኒያ አብሮኝ የሚኖር አንድ ወዳጄ «እባክህ አያት ሰፈር ያለውን ቤቴን እይልኝ» ብሎኝ ስለነበር አንድ ቀን ጠዋት ሄድኩ። ጂ ፕላስ ዋን ነው፣ ያምራል። ዘበኛው በሩን ከፈተልኝ። ሶፋው ከነላስቲኩ ነው። የኩሽናው ቁምሳጥን ላይ የተለጠፈው ወረቀት እንኳ አልተላጠም። ቧንቧውን ስከፍተው መጀመሪያ አየር ተነፈሰ፣ ቀጥሎ ዝገት የመሰለ ቀይ ውሃ መጣ። ወዳጄ ይህን ቤት ለመሥራት 16 ዓመት ቀን ፓርኪንግ፣ ማታ ታክሲ ሠርቷል። ካለቀ በኋላ ያደረበት 12 ሌሊት ብቻ ነው። ከውጭ ደግሞ አጥሩን ተደግፈው አምስት ወጣቶች ፀሐይ ይሞቃሉ። ሥራ የላቸውም። አንዱን ባናግረው በሲቪል ምህንድስና የተመረቀ ነው።

እዚያው ቆሜ አንጀቴ ተላወሰ። የአንድ ሰው የ16 ዓመት ላብ ከግንቡ ወዲህ ተቆልፏል፣ ሥራ የሚሻ ጉልበት ከግንቡ ወዲያ ቆሟል።

ወገኖቼ፣ ይህን የምጽፈው በውጭ ለምትኖሩት ነው። ለዋሽንግተኑም፣ ለዳላሱም፣ ለሚኒያፖሊሱም፣ ለለንደኑም፣ ለዱባዩም። እኔም ከእናንተው አንዱ ነኝና አትቆጡኝ። ብትቆጡም እናገራለሁ።

ቤት አትሥሩ አላልኩም። ጡረታ ወጥቶ አገሩ ሊገባ ያሰበ ሰው ማረፊያ ያስፈልገዋል። እናቱ በምታፈስ ጣሪያ ሥር እያደረች ዝም የሚልም ልጅ አይባልም። የምናገረው ስለ ሁለተኛውና ስለ ሦስተኛው ቤት ነው። ዋጋው ይጨምራል ተብሎ ተገዝቶ ስለሚዘጋው። እንዲህ ያለ ቤት ሲሠራ ግንበኛውና የቀን ሠራተኛው ይበሉበታል፣ ካለቀ በኋላ ግን የሚያኖረው አንድ ዘበኛ ነው። ከዚያ አልፎ የመሬቱን ዋጋ እየሰቀለ፣ እዚያው ተቀምጦ በብር ደሞዝ የሚኖረውን የገዛ ወንድማችሁን ከከተማ ያስወጣዋል። አዲስ አበባ ብቻ አይደለም። ሆሳዕና ብትሄዱ ከደቡብ አፍሪካ በተላከ ገንዘብ የቆሙ ፎቆች ታያላችሁ። ያን ገንዘብ ለማግኘት ልጆቹ በስንት ድንበር ሾልከው፣ ስንቶቹ መንገድ ላይ ቀርተው እንደሆነ የሚያውቅ ያውቃል። ፎቁ ሥር ያለው ወንድም ግን አሁንም የሚያስበው ደቡብ አፍሪካ ስለመሄድ ነው። እዚያው የሚያስቀረው ሥራ የለማ!

በየወሩ ስለምንልከውም ልናገር። ለእናት፣ ለአባት፣ ለታመመ፣ ለሚማር ላኩ፣ ይህ ግዴታችን ነው። የ30 ዓመት ጤነኛ ወንድማችሁ ግን ወር በገባ ቁጥር ስልኩን እያየ የሚጠብቅ ከሆነ፣ እንደዚያ እንዲሆን ያደረግነው እኛ ነን። እኔም ወንድሜን ለዘጠኝ ዓመት እንዲህ አድርጌዋለሁ። ሥራ ፈልግ ስለው «ምን ሥራ አለ?» ይለኝ ነበር። እውነቱን ነው፣ እኔም ጤፍ የሚሸመትበት እንጂ ሥራ የሚከፈትበት ገንዘብ ልኬለት አላውቅም።

አገር ቤት ያላችሁ ቤተሰቦችም ስሙ። ጅዳና ቤይሩት የሰው ቤት ስታጥብ የምትውል እህታችሁ የምትልከው የወር ደሞዟን ነው። በላባችሁ ያላገኛችሁትን ገንዘብ ለድግስና ለልብስ አታጥፉባት። ስንቷ ናት አምስት ዓመት ሙሉ ልካ ስትመለስ በስሟ አንዲት ሳንቲም ያጣችው! ከምትልከው ውስጥ ግማሹን በራሷ ስም በባንክ አስቀምጡላት። አንቺም እህቴ፣ ደብተሩ በስምሽ ካልሆነ አትላኪ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ።

እኔ የቡታጅራ ልጅ ነኝ። አጠገባችን ያለው የማረቆ በርበሬ ስሙ በመላ አገሪቱ የታወቀ ነው። በልጅነቴ የበርበሬ ሰሞን ጆንያው በአይሱዙ ተጭኖ ወደ መርካቶ ሲሄድ እናይ ነበር። ዛሬም እንደዚያው ነው። ዛላው ጥሬውን ይሄዳል፣ የሚቀነጠሰው፣ የሚደለዘው፣ የሚፈጨውና የሚታሸገው ሌላ ቦታ ነው። ትርፉም አብሮት ይሄዳል። እስኪ ወደ ራሳችን እንመልከት። ከአገር ስንመለስ ሻንጣችን ውስጥ ምን አለ? በላስቲክ ላይ ላስቲክ የተጠቀለለ፣ እናት ያዘጋጀችው በርበሬ ነው። ሲልቨር ስፕሪንግና አሌክሳንድሪያ ያሉ የሐበሻ ሱቆችም በርበሬ ይሸጣሉ። ገበያው እኛ ነን፣ አምራቹ ወገናችን ነው፣ መሀል ላይ የጠፋው ወፍጮና ማሸጊያ ነው።

ይህን እዚህ እቁብ ላይ አነሳሁት። እቁባችን 14 ሰው ነው። በወር 300 ዶላር እንጥላለን። አንድ እሁድ «ለአንድ ዓመት ዕጣውን ትተን ብናጠራቅመውስ?» አልኩ። 14 ሰው በ300 ዶላር በወር 4,200 ነው፣ በዓመት 50,400። ማንኛችንም ብቻችንን ይህን ገንዘብ አውጥተን ለሥራ አንሰጥም። አብረን ግን ቤተሰባችን ሳይጎዳ ቻልነው። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይባል የለ? ዛሬ ቡታጅራ ውስጥ 11 ሴቶች በርበሬ ይለቅማሉ፣ ያጥባሉ፣ ያሰጣሉ፣ ኮረሪማውንና ነጭ ሽንኩርቱን፣ ዝንጅብሉንና በሶብላውን መጥነው ያስፈጫሉ። በወር ደሞዝ ነው የሚሠሩት። ስድስቱ ከዚህ በፊት በስማቸው ደሞዝ ተቀብለው አያውቁም ነበር። ገና ትርፍ አልተካፈልንም፣ ኪሳራም የለብንም። ለወፍጮው የሚሆን መብራት ለማስገባት ብቻ ስምንት ወር ደጅ ጠንተናል። የምነግራችሁ የሆነውን ነው።

ብዙዎቻችሁ «ሞክሬ አቃጥሎኛል» እንደምትሉ አውቃለሁ። እኔንም አቃጥሎኛል። በ2007 ዓ.ም. ለአጎቴ ልጅ ለዶሮ እርባታ 18,000 ዶላር ላክሁ። በስልክ ተነጋገርን፣ በቃ። ውል የለ፣ ደረሰኝ የለ፣ ሒሳብ የለ። ዶሮዎቹ አለቁ፣ መኖ ተወደደ ተባለ፣ በዓመቱ ገንዘቡ የለም። ያኔ በየሰርጉና በየለቅሶው «አገሩ ሌባ ሆኗል» እያልኩ ስንቱን ተስፋ አስቆርጫለሁ። የአጎቴ ልጅ ሌባ ይሁን አይሁን ግን እስከዛሬ አላውቅም፣ ምክንያቱም አንድም ቀን ደረሰኝ አሳየኝ አላልኩትም። ዶሮ አርብቶ እንደማያውቅም አውቅ ነበር። ዘመዴ ስለሆነ ብቻ ሰጠሁት። አሜሪካ ውስጥ ያለ ፊርማ ስልክ የማይገዛ ሰው፣ አገር ቤት ሲሆን 18,000 ዶላር በቃል ይልካል። በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል የሚለውን እያወቅን ማለት ነው።

ስለዚህ ተጠንቀቁ። ድርጅቱን በሕግ አቋቁሙ። በ2013 የወጣው የንግድ ሕግ አንድ ሰው ብቻውን እንኳ ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር እንዲያቋቁም ይፈቅዳል። የባንክ ሒሳቡ በሁለት ፊርማ ይንቀሳቀስ። ሒሳብ ሠራተኛው የማናችሁም ዘመድ አይሁን። ሥራ አስኪያጁ ሙያውን የሚያውቅ ይሁን፣ ደሞዙንም በወሩ ክፈሉት፣ ያልተከፈለ ሰው የራሱን ድርሻ በራሱ እጅ ይወስዳል። ውክልና ስትሰጡ ደግሞ «መሸጥ መለወጥ» የሚለውን ሐረግ ሁለቴ ሳታነቡ ኤምባሲ ሄዳችሁ አትፈርሙ። በዚች ሐረግ ስንት ቤት ተሸጧል!

መንግሥትስ? አዎ፣ መንግሥትም በድሎናል። በ2009 የውጭ ዜግነት የያዛችሁ የባንክና የኢንሹራንስ አክሲዮናችሁን መልሱ ስንባል የደነገጥነውን አልረሳሁም። በ2011 ሕጉ ተሻሽሎ በባንክ አክሲዮን መግዛት ተፈቀደልን፣ የደነገጠ ልብ ግን በአዋጅ አይመለስም። ለ2014 የገና በዓል ወደ አገር ቤት ኑ ተብሎ ጥሪ ሲቀርብም ስንቱ በደስታ ገባ። ቦሌ ላይ አበባ ተቀበለ። በማግስቱ ፈቃድ ለማውጣት ወጥቶ «ነገ ና» የተባለውስ? የቢሮ ሰዎች፣ ይህ ለእናንተ ነው። አበባው ይቅርብን። አንድ ፋይል በአንድ መስኮት ጨርሱልን፣ ለእናንተም ለአገርም የሚበጀው እሱ ነው።

ሆኖም ሁሉንም በመንግሥት አናሳብብ። ቢጫ ካርዱ ከ1994 ጀምሮ አለ፣ የያዘው ትውልደ ኢትዮጵያዊ ያለ ቪዛና ያለ ሥራ ፈቃድ ይሠራል። በጥር 2017 ደግሞ የአክሲዮን ገበያ ተከፍቷል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ምንዛሪው ለገበያ ከተለቀቀ በኋላ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በወራት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። ጥቁር ገበያው የባንኩን እጥፍ በሚከፍልበት ጊዜ በባንክ ላኩ ማለት ይከብድ ነበር። ዛሬ ልዩነቱ እንደዚያ አይደለም። ለጥቂት ብር ብላችሁ ዶላሩን ለሐዋላ ነጋዴ የምትሰጡ ግን አስቡበት። እሱ ዶላሩን ውጭ ያስቀረዋል፣ ለእናታችሁ ብር ይሰጣታል፣ መድኃኒት አስመጪው ባንክ ሄዶ ምንዛሪ ያጣል። ያው እናታችሁ የስኳር መድኃኒት ስታጣ ከዚህ በሻንጣ ትልካላችሁ።

ጥይት የሚጮህበት ቦታ ገንዘባችሁን አውጡ አልልም። እሱ ግፍ ነው። ሰላም እስኪሆን ወፍጮ አይተከልም፣ ሰው ነው መትረፍ ያለበት። መንገዱ ክፍት በሆነበት አካባቢ ያላችሁ ግን ምን ትጠብቃላችሁ? ይርጋለም አቮካዶ አለ። ጅማ ቡና አለ። ዝዋይና መቂ ዋጋ ሲወድቅ ቲማቲም ማሳ ላይ ይበሰብሳል፣ አዲስ አበባ ሱቅ ውስጥ ደግሞ ከውጭ የመጣ የቲማቲም ድልህ ይሸጣል። ለአገር ልማት በሚውለው የዲያስፖራ ትረስት ፈንድ በቀን አንድ ዶላር ስጡ በተባልንበት በ2010 ዓ.ም. ስንቶቻችን አጨበጨብን፣ ስንቶቻችንስ ከፈልን? የተሰበሰበው ከታሰበው በጣም ያነሰ ነበር። ሲፈለግ ግን እንችላለን። ከመጋቢት 2003 ጀምሮ ለሕዳሴው ግድብ ቦንድ የገዛን ሰዎች ጳጉሜን 2017 ሲመረቅ በየቤታችን አልቅሰናል።

የፊታችን እሁድ እቁብ ወይም ማኅበር አላችሁ። ከዕጣው በፊት ቡናው እየተፈላ ይህን ጉዳይ አንሱት። ማን የየት አካባቢ ልጅ እንደሆነ ተጠያየቁ፣ ያ አካባቢ ምን እንደሚያመርት፣ በወር ስንት መጣል እንደምትችሉ ተነጋገሩ። ወረቀትና እስክሪብቶ ያዙ፣ ስማችሁንም በዚያው ቀን ጻፉ።