ብሬከሩ ለምን ይወርዳል?

ቅዳሜ ቅዳሜ እናቴ እንጀራ ትጋግራለች። ምጣዱን አስሳ ሊጡን ማዞር ስትጀምር ቤቱ ድርግም ይላል። ፍሪጁ ዝም፣ ቲቪው ዝም። ምጣዱ ላይ ያለው እንጀራ ግማሽ በስሎ ይቀራል። አንዳችን ሮጠን ሄደን ብሬከሩን እናነሳለን። ሁለት እንጀራ ይወጣል። እንደገና ድርግም።

ከዚህ ጣጣ ሳንወጣ ስምንት ወር ቆየን። ስምንት ወር ሙሉ ኤሌክትሪሺያን ስፈልግ ነበር። ኤሌክትሪሺያን ነኝ የሚል ሰው በየሰፈሩ ሞልቷል። እኔ ያጣሁት ብሬከሩ ለምን እንደሚወርድ የሚነግረኝ ሰው ነው። አንጀቴን ያሳረረኝም ይሄ ነው። ሁሉም ይመጣል፣ ሁሉም ይነካካል፣ ሁሉም ይቀበላል። ለምን ብሎ የሚጠይቅ የለም።

ቤታችን ጉለሌ ነው። አባቴ በደርግ ጊዜ የሠራው ቤት ነው። ያኔ የተዘረጋው ሽቦ ለአምስት አምፖል፣ ለሬዲዮና ለካውያ ነበር። ነጭ የሸክላ ቫልቮላ (ፊውዝ) ነበረን። ሲቃጠል አባቴ ቀጭን የሽቦ ክር መዝዞ ይጠመጥምበታል። ሻማውን የምይዝለት እኔ ነበርኩ። በኋላ ቫልቮላው ወጥቶ ብሬከር ገባ። ግድግዳ ውስጥ ያለው ሽቦ ግን ያው ነው። ዛሬ በዚያ ሽቦ ላይ የኤሌክትሪክ ምጣድ አለ። ቦይለር አለ። ፍሪጅ፣ ስቶቭ፣ ልብስ ማጠቢያ አለ። ሰርቪስ ቤት ያሉት ተከራዮችም የሚወስዱት ከዚያው ሳጥን ነው።

የመጀመሪያውን ልጅ ያመጡልን ጎረቤታችን ናቸው። «እጁ ፈጣን ነው» አሉን። እውነትም ፈጣን ነበር። ካቻቪቴና ፒንሳ በጀርባ ኪሱ ይዞ መጣ። ሳጥኑን ከፈተ። «ማዘር ችግር የለም፣ ብሬከሩ ደክሟል» አላት እናቴን። 20 አምፔር የሚለውን አወጣና 63 አምፔር የሚል አስገባ። ምጣዱ ስንት ይስባል አላለም። ሽቦው ስንት ቁጥር ነው አላለም። «ከእንግዲህ አይወርድም» ብሎ 800 ብሩን ተቀበለ። አሥር ደቂቃ አልሞላም። እንዳለውም ብሬከሩ አልወረደም። እናቴ መረቀችው። እኔም ተመስገን አልኩ።

ሁለት ወር አለፈ። ኮሪደሩ ዓሣ ዓሣ መሽተት ጀመረ። ቤታችን ዓሣ ከገባ ቆይቷል። እናቴ የሞተ አይጥ ነው ብላ ቁም ሳጥን አስነሳችን፣ ከአልጋ ሥር አስጠረገችን። ምንም የለም። ሽታው በአዘቦት ቀን ይጠፋና ቅዳሜ ይመለሳል። አንድ ቅዳሜ በዚያ ሳልፍ እጄን የብሬከሩ ሳጥን ክዳን ላይ አሳረፍኩ። ትኩስ ሻይ እንደያዘ ብርጭቆ ይሞቃል። ዓሣ የሸተተን እየተቃጠለ ያለ ፕላስቲክ ነበር።

እባካችሁ ይሄን ሽታ ያዙልኝ። ዓሣ በሌለበት ቤት ከሶኬት ወይም ከብሬከር አካባቢ የዓሣ ሽታ ከመጣ የቤቱን መብራት ከዋናው አጥፉ። ሽታው እስኪያልፍ አትጠብቁ። አዲስ አበባ ውስጥ ለእሳት አደጋ የሚደወለው 939 ነው። ስልካችሁ ላይ መዝግቡት።

ነገሩ የገባኝ በኋላ ነው። ብሬከር የተቀመጠው ሽቦውን ሊጠብቅ ነው። የኛ ዓይነት ምጣድ ከ3,500 እስከ 4,000 ዋት ይስባል። ለ220 ቮልት ስታካፍሉት ከ16 እስከ 18 አምፔር ይመጣል። ባለ 2,000 ዋት ቦይለር 9 አምፔር ይጨምርበታል። ሁለቱም የተንጠለጠሉት በአንድ አሮጌ ባለ 2.5 ካሬ ሚሊሜትር ሽቦ ላይ ነው። እናቴ ስትጋግር አንዱ ገላውን ሊታጠብ ቦይለር ይለኩሳል። 20ው ብሬከር ይወርዳል። መውረድም ነበረበት። ሽቦው ጋለ፣ በቃኝ አለ እያለን ነበር። 63 የሚለው ሲገባ ያን የሚናገር ጠፋ። ሽቦው ቢቀልጥም እሱ ዝም ብሎ ያሳልፋል። እኛ ደግሞ ያ ዝምታ ጤና መሰለን። እናቴ ኮሪደሩ ጫፍ ያለው ክፍል ውስጥ ነው የምትተኛው። ከዚያ ክፍል መውጫው በብሬከሩ ሳጥን ሥር ነው። ይሄን ሳስብ እስካሁን እንቅልፍ ይነሳኛል።

ሁለተኛውን ያገኘሁት በቴሌግራም ነው። እሱ ደግሞ ሲያወራ ያሳምናል። ሳጥኑን ፈታ፣ አየ፣ «ፓናሉ በሙሉ ይቀየራል» አለ። ልክ ነበር። የዕቃ ዝርዝር ጻፈልኝ። 6,000 ብር ቀብድ ሰጠሁት። ነገ ጠዋት ሁለት ሰዓት አለ። ነገ ሲደርስ መንገድ ላይ ነኝ አለ። ከሰዓት ትራንስፖርት አጣሁ አለ። በማግስቱ ለቅሶ ላይ ነኝ አለኝ፣ እግዚአብሔር ያጽናህ አልኩት። ከዚያ ስልኩ ዝግ ሆነ። አራት ቀን ከሥራ ቀርቼ በር በተንኳኳ ቁጥር እየተነሳሁ ቤት ተቀመጥኩ።

ብሩን እንኳ ልተወው። የሳጥኑን ክዳን ፈቶ ሳይመልሰው ነው የሄደው። ሽቦው ተገልጦ፣ ብሎኖቹ መስኮት ላይ ተቀምጠው። የወንድሜ ልጅ አራት ዓመቷ ነው። ወንበር መጎተት ችላለች። አራት ቀን ሙሉ ያቺን ልጅ ከኮሪደር ስንጠብቅ ከረምን። በመጨረሻ ዋናውን አጥፍቼ ክዳኑን በልብስ መስቀያ ሽቦ አሰርኩት። እንዲህ ያለ ሰው ራሱን ባለሙያ ብሎ ይጠራል።

ሦስተኛውን የነገረችኝ የሥራ ባልደረባዬ ናት። ቴክኒክና ሙያ ሲያስተምሩ የኖሩ፣ ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ጋሼ እላቸዋለሁ። ቤት ሲገቡ ሳጥኑ ጋ አልሄዱም። መጀመሪያ ወረቀትና እስክሪብቶ ጠየቁኝ። «እዚህ ቤት ምን ምን ይሰካል?» አሉ። አንድ በአንድ አስቆጠሩኝ። ምጣዱን ገልብጠው የተጻፈበትን ዋት አነበቡ። እናቴን «መቼ መቼ ነው የሚጋግሩት? በዚያ ሰዓት ሌላ ምን ይበራል?» ብለው ጠየቋት። በስምንት ወር ውስጥ እናቴን የጠየቃት ሰው እሳቸው ብቻ ናቸው።

ከዚያ ዋናውን አጠፉ። በቴስተር አረጋገጡ። በሌላ መለኪያ ደገሙት። የመጀመሪያው ልጅ ዋናውን እንኳ ሳያጠፋ ነበር የሠራው፣ ትዝ ሲለኝ ይዘገንነኛል። ከሃያ ዓመት ብዙ የሚያልፍ አይመስለኝም። እሱንም ማንም ቁጭ አድርጎ አላስተማረውም። እናት ይኖረዋል፣ ጠዋት ትሸኘዋለች።

ጋሼ 63ቱን ብሬከር አውጥተው መዳፌ ላይ አስቀመጡልኝ። አንድ ጎኑ እንደ ሰም ቀልጦ ወርዷል። ሽቦ የሚገባበት ብሎን ጥቁር ነው፣ ጥብቅ ተደርጎ አልታሰረም። የላላ ብሎን ብቻውን ሙቀት እንደሚፈጥር ያን ቀን ነው ያወቅኩት። የሽቦው ልባስ ጫፉ ላይ ያረረ የዳቦ ቅርፊት ሆኗል። በጥፍራቸው ነካ ሲያደርጉት ብትን አለ። «ልጄ፣ የድሮው ብሬከራችሁ ጤነኛ ነበር። የበዛበት ሽቦው ነው» አሉኝ። ስምንት ወር የፈለግኩት መልስ ይሄ ነበር።

ቀጥለው የምጣዱን ስፒና ፈቱ። አረንጓዴና ቢጫው ሽቦ ተቆርጦ በፕላስተር ተጠቅልሏል። የግራውንድ ሽቦው ነው። ከምጣዱ ብረት ላይ ያመለጠውን ኤሌክትሪክ ወደ መሬት የሚወስደው እሱ ነው። አንዱ መጥቶ ትርፍ ነው ብሎ ቆርጦታል፣ ማን እንደሆነ አናውቅም። እናቴ ለዓመታት «ምጣዱ ይነዝረኛል» ስትል ነበር። እኛ እርጥብ እጅ ነው፣ እንዲህ ነው እንዲያ ነው ስንላት ነበር። እሷም መላ አበጅታ ነበር። የፕላስቲክ ጫማ አድርጋ፣ ከእግሯ ሥር ጣውላ አንጥፋ ነው የምትጋግረው። ያንን ጣውላ ስንት ጊዜ ረግጬ አልፌዋለሁ። አንድ ቀን ለምን እዚህ አለ ብዬ አልጠየቅኳትም።

ዋጋው ሲነገር ወንድሜ ተቆጣ። የእጅ 18,000 ብር፣ ዕቃው ለብቻ። «በ800 የሚሠራ እያለ» አለ። ይቀንሱልን ብሎ ያዛቸው። ጋሼ አልተቆጡም። «ከሽቦው ውፍረት ልቀንስላችሁ ወይስ ከግራውንዱ?» አሉት። ወንድሜ ዝም አለ።

ዕቃ ልንገዛ መርካቶ አብረን ሄድን። እዚያ ሁሉም «ኦሪጅናል ነው» ይላል። ጋሼ ቁራጭ ሽቦ ተቀብለው በቢላ ፋቅ ፋቅ አደረጉት። ላዩ መዳብ ነው፣ ውስጡ ነጭ ወጣ። አሉሚኒየም ነው፣ መዳብ ተቀብቶ። ሌላ ሱቅ ደግሞ 4 ተብሎ የተጻፈበት ሽቦ ውስጡ ከ2.5 ብዙም አይወፍርም። ሦስት ሱቅ አለፍን። እኔ ብቻዬን ብሄድ የመጀመሪያውን ገዝቼ ደስ ብሎኝ እመለስ ነበር። ይሄም ያበሳጨኛል። ሰው ቤቱ ውስጥ የሚቀብረውን ነገር እንዴት እንዲህ ያታልሉበታል?

ሥራው ሁለት ቀን ፈጀ። ምጣዱ የራሱ ወፍራም መስመርና የራሱ ብሬከር ተሰጠው። ቦይለሩም እንዲሁ። ተከራዮቹ ተለዩ። ከማድቤቱ ጀርባ የመዳብ ዘንግ በመዶሻ መሬት ውስጥ ገባ፣ ዙሪያው ከሰልና ጨው ተደረገበት። ሰው ሲነዘር ቶሎ የሚቆርጥ ብሬከርም ገባ። 30 ሚሊ አምፔር ካመለጠ ይወርዳል። ቆጣሪውን ግን አልነኩም። እስከ ቆጣሪው ያለው የመብራት ኃይል ነው፣ እሽጉ አይፈታም፣ እዚያ ችግር ካለ 905 ይደወላል አሉኝ። ሲጨርሱ እያንዳንዱ ብሬከር ሥር በእስክሪብቶ ጻፉ። ምጣድ። ቦይለር። ሳሎን። ሰርቪስ። ቤታችን ውስጥ የቱ ብሬከር የምን እንደሆነ ያወቅነው ገና አሁን ነው።

ወረቀታቸውን ሳልጠይቃቸው ነው ያሳዩኝ። አገራችን ውስጥ ለዚህ ሥራ ሥርዓት አለ። ቴክኒክና ሙያ ተምሮ በሲኦሲ፣ ማለትም በሙያ ብቃት ምዘና፣ የሚመዘን አለ። የነዳጅና ኢነርጂ ባለሥልጣንም ለኤሌክትሪክ ባለሙያዎች የብቃት ማረጋገጫ ይሰጣል። እኛ ነን የማንጠይቀው። ለሞግዚት ተያዥ እንጠይቃለን። ለዘበኛ መታወቂያ ኮፒ አድርገን እንይዛለን። ቤታችንን ሊያቃጥል የሚችል ሽቦ ለሚነካ ሰው ግን «እጁ ፈጣን ነው» ይበቃናል። ስለዚህ በደንብ የተማረው ሥራ ያጣል። በአሥር ደቂቃ 63 የሚሰካው ከሰፈር ሰፈር ይዞራል።

ቤት በተቃጠለ ቁጥር ደግሞ «ኮንታክት ነው» እንላለን። ኮንታክት ከሰማይ አይወርድም። አንድ ሰው ያላጠበቀው ብሎን ነው። አንድ ሰው የቆረጠው ሽቦ ነው። አንድ ሰው አልወርድ እንዲል አድርጎ ያስገባው ብሬከር ነው። ሰው ንብረቱን፣ ልጁን አጥቶ ሲያለቅስ ባለቤት የሌለው አንድ ቃል ተነግሮት ይቀራል።

አሁን ቅዳሜ ምጣዱም ቦይለሩም አብረው ይሠራሉ። ቤቱ ድርግም አይልም። እናቴ ግን ጣውላውን አላነሳችም። እማዬ ተስተካክሏል እኮ፣ አሁን አይነዝርም አልኳት። «ይሁን፣ እግሬ ለምዶታል» አለችኝ። የፕላስቲክ ጫማዋንም አላወለቀችም።

ባለፈው ሳምንት «እጁ ፈጣን ነው» ያሉንን ጎረቤታችንን ሄጄ አነጋገርኳቸው። የቀለጠውን ብሬከር ይዤ ሄድኩ። የእርሶም ቤት ያው ልጅ ነው የሠራው፣ ሳጥኑን ከፍተን እንየው አልኳቸው። ብሬከሩን አገላብጠው አዩት። «የኛ ደህና ነው ልጄ። ከዚያ ወዲህ አንድ ቀን ወርዶ አያውቅም» አሉኝ።

ቤታቸው ከኛ ጋር ግድግዳ ይጋራል። ቅዳሜ ጋሼን ይዤ በራቸውን ላንኳኳ ነው። ቢቆጡም ይቆጡ።